በአንድ ስንዝር የተከፈለ አገር

ሃያ አራት በሬ አንገቱን ደፍቶ ሲስብ፣ ወደ ፊት የሚሄደው ጋሪው ይሁን ወደ ኋላ የሚሸሸው ተራራው ለመለየት ያስቸግር ነበር። ሰንሰለቱ ይንጣጣል፤ ቀንበሩ ይጮኻል፤ የበሬዎቹ ትንፋሽ ከገደሉ ጭጋግ ጋር ተደባልቆ መንገዱን ጋርዶታል። ከጋሪው ላይ፣ በዘጠኝ ዙር ሰንሰለት ታስሮ፣ ቤት የሚያህል የብረት መዘውር እንደ ንጉሥ ተኮፍሶ ተቀምጧል። የጭነት ወረቀቱ ሠላሳ ኩንታል ይመዝናል ይላል። ወረቀቱን የጻፈው ሰው ግን ዳገቱን አላየም። እዚያ ዳገት ላይ ሦስት መቶ ኩንታል ነበር፤ ያውም ሲያቃልሉት።

ጋሪ ሠሪው ከኋለኛው ቀኝ መንኮራኩር ጎን፣ እጁን ጣል አድርጎበት ይራመዳል። ልጁን የሚድር አባት እንኳ እንደዚያ አይንቀባረርም። ጋሪውን ከዘንግ እስከ ችንካር የሠራው እሱ ነው፤ በአገሩም ሁሉ የሚታወቀው «ችንካር» በሚለው ቅጽል ስሙ ነበር፤ አንድ ነገር ከያዘ በመዶሻም በልመናም አይነቀልም። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያስታውሱት እናቱና ሚስቱ ብቻ ሲሆኑ፣ ሚስቱም የምታስታውሰው ስትቆጣ ነው።

ሚስቱ የሞራ ቆርቆሮዋን አንጠልጥላ ከኋላ ትከተላለች። ዘንጎቹን በሞራ የምታለሰልሰው እሷ ናት። ጋሪ ከሩቅ ሲጮህ ሰምታ የትኛው መንኮራኩር ምን እንደጎደለው የምትናገር ሴት ነበረች።

«አንተ ሰው፣ ከመንኮራኩሩ ራቅ! እግርህን ቢረግጥህ በምን ልትንጎራደድ ነው?»

«እግሬን ቢረግጠው የሚሰበረው መንኮራኩሩ ነው።»

«ሰማችሁት?» አለች ወደ በሬ ነጂዎቹ ዞራ። «ትናንት ደግሞ በሬዎቹ ከደከሙ እኔ እጎትተዋለሁ ብሏል።»

«አላልኩም!»

«ብለሃል።»

«ብዬ ከሆነ እጎትተዋለሁ።»

ስምንቱ በሬ ነጂዎች ሳቁ፤ በሬዎቹም በሳቁ መሃል ሁለት እርምጃ ሳይታወቃቸው ወጡ።

ያልሳቀው አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም በቅሎ ላይ ሆኖ ከፊት የሚሄደው ሻምበል ነው። የአገረ ገዢው ወኪል ሆኖ ከወደቡ ጀምሮ የተከተላቸው ቀጭን መኮንን፣ በየመቶ እርምጃው የናስ ሰዓቱን ክዳን ቀጭ አድርጎ ይከፍታል፤ ቀጭ አድርጎ ይዘጋል። ደረቱ ላይ፣ ከቁልፎቹ ሥር፣ በቀይ ሰም የታተመ ትእዛዝ ይዟል። ትእዛዙ አጭር ነው፦ መዘውሩ እስከ ዛሬ እኩለ ቀን የተራራውን በር አልፎ የላይኛውን መንገድ ካልያዘ፣ ካለበት ዞሮ ወደ ወደብ ይመለስ። ሻጮቹ ባሕር ማዶ ሌላ ገዢ አግኝተዋል፤ መርከቡም መልሕቁን ሊነቅል እየጠበቀ ነው።

ከበሩ ማዶ፣ በሁለት ቀን መንገድ ላይ፣ ከፏፏቴው ሥር አንድ ፋብሪካ አለ። ጣሪያው ተከድኗል፤ መቶ የሽመና መኪና በመስመር ተደርድሯል፤ ሸማኔዎቹ ተመርጠው ሠልጥነዋል። ሁሉ ነገር አለው፤ የሚያዞረው መዘውር ብቻ የለውም። ያ አገር ጥጥ ነበረው፤ ጥጡ ሲፈነዳ ሜዳው በረዶ የወረደበት ይመስላል። ወንዝም ነበረው፤ የፏፏቴው ጩኸት በሦስት ቀን መንገድ ላይ ያለን ሰው ሳይቀር ጮሆ እንዲያወራ ያስገድደዋል። ጉልበትም ነበረው፤ ስለ ጉልበቱ ትንሽ ቆይተን እናያለን። ሆኖም ጥጡ ጥሬውን ተጭኖ ይወርዳል። ባሕር ማዶ ያሉ፣ የጥጥ ተክል በዓይናቸው አይተው የማያውቁ ሰዎች ፈትለው፣ ሸምነው፣ ማኅተማቸውን መትተው፣ ጨርቅ አድርገው መልሰው ይልኩታል።

ለምን እንዲህ እንደሆነ የተማሩ ሰዎች ብዙ ጽፈዋል። አንዱ ተራራው ነው ይላል፤ አንዱ አየሩ ነው ይላል፤ ሌላው ደግሞ፣ በተለይ ከጥላ ሥር ተቀምጦ የጻፈው፣ የሕዝቡ ስንፍና ነው ይላል። ጋሪ ሠሪው መጽሐፍ አልጻፈም። መልሱን ግን በጣቶቹ ለክቶ ያውቀው ነበር። አንድ ስንዝር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከስልሳ ዓመት በፊት፣ ከወደብ እስከ ፏፏቴ በአለቱ ላይ ለመንኮራኩር ሁለት ቦይ ይፈልፈል፣ በቦዮቹም መካከል ሦስት ክንድ ይሁን ተብሎ አዋጅ ወጣ። አንድ ሹም ከታች ጀመረ፤ አንድ ሹም ከላይ ጀመረ። የታችኛው ሹም ተቀምጦ የቆመ የሚመስል ግዙፍ ሰው ነው። የላይኛው ሹም ክንደ አጭር፣ ምላሰ ረጅም ነው። ሁለቱም ሦስት ክንድ ለኩ፤ ሁለቱም በየራሳቸው ክንድ። አሥር ዓመት አለት ሲፈለፍሉ ኖረው ተራራው አናት ላይ ተገናኙ፤ ሲገናኙም በአንድ ስንዝር ተላለፉ። ሁለቱም አዋጁን ፊደል ሳያጎድሉ ፈጽመዋል። «ክንድህን አስረዝም!» አለ አንዱ። «ክንድህን ቁረጥ!» አለ ሌላው። ሳይታረቁ ሞቱ፤ አገሩም ሳይታረቅ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ የታች ጋሪ ሰፊ፣ የላይ ጋሪ ጠባብ ሆኖ ኖረ። ከቦዩ የወጣ መንኮራኩር ደግሞ በግራው አለት፣ በቀኙ ገደል ነው የሚጠብቀው። ስለዚህ ወደ ላይም ሆነ ወደ ታች የሚያልፍ ጭነት ሁሉ በተራራው በር ይራገፋል፤ በስልሳ ተሸካሚዎች ጀርባ ግቢውን ይሻገራል፤ ማዶ እንደገና ይጫናል። ጥጡ እንዲህ ሊሻገር ይችላል። መዘውሩ ግን አይከፈል፣ አይጠቀለል፣ በማን ጀርባ ይጫን?

«ሳይራገፍ አሳልፈዋለሁ!» ያለው የላይ አገሩ ሰው፣ ጋሪ ሠሪው ነበር። አገረ ገዢው በተቀመጡበት፣ ሹማምንቱ በተሰበሰቡበት፣ ማንም ሳይጠይቀው ተነስቶ። «ካላሳለፍኩ ከዚያ ቀን ጀምሮ መዶሻ አልይዝም። ሱቄን ዘግቼ የሚስቴን የሞራ ቆርቆሮ ስሸከም እኖራለሁ።»

ሚስቱ ይህን ስትሰማ ያለችው «ቆርቆሮዬን ማን ሰጠህ?» ብቻ ነው።

መላውም አልጠፋውም። የጋሪውን ሁለት ዘንጎች አስረዘማቸው፤ በየጫፋቸውም ሁለት ሁለት ቀዳዳ በሳ። ችንካሮቹ በውጭው ቀዳዳ ሲገቡ መንኮራኩሮቹ የታችኛውን ቦይ ይይዛሉ። በሩ ላይ ሲደርስ ችንካሮቹን ነቅሎ፣ እያንዳንዱን መንኮራኩር ግማሽ ስንዝር ወደ ውስጥ ገፍቶ፣ በውስጠኛው ቀዳዳ መልሶ ሲመታቸው ጋሪው የላይ አገር ጋሪ ይሆናል። ሱቁ ውስጥ መቶ ጊዜ ሞክሮታል። መቶ ጊዜም እንደ ቅቤ ተንሸራቷል።

በሩ ጋ ሲደርሱ ሻምበሉ ሰዓቱን ከፈተ። «አምስት ሰዓት ከሩብ።»

በሩ አናት ላይ፣ አገሩ ሁሉ ሰዓቱን የሚያስተካክልበት የእኩለ ቀን መድፍ ወደ ሰማይ አፉን ከፍቶ ተቀምጧል። ከሥሩ፣ በሰፊው የማራገፊያ ግቢ፣ ስልሳ ተሸካሚዎች በየጥጥ ጥቅላቸው ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ከመሃላቸው አለቃቸው አለ። ሰው ሁሉ «ጫንቃው» ይለዋል፤ ሁለት ጥቅል ጥጥ በአንድ ትከሻ ሲሸከም ያየ ሰው ሌላ ስም አይፈልግለትም። የጋሪ ሠሪው ሚስት ታላቅ ወንድም ነው። የዚያ የታችኛው ሹም፣ የግዙፉ፣ የልጅ ልጅም ነው፤ ይህንንም ለማያውቅ ሰው ሳይነግር ውሎ አያውቅም።

«አማቼ!» አለ ከጥቅሉ ሳይነሳ። «እንኳን ደህና መጣህ! በሬዎቹን አሳርፋቸው። አንተም እረፍ፤ ምላስህ ከነሱ በላይ ዳገት ወጥታለች።»

ስልሳ ሰው ሲስቅ ተራራው የተሰነጠቀ መሰለ።

«ሳቁ!» አለ ጋሪ ሠሪው እጅጌውን እየጠቀለለ። «ዛሬ የምታዩትን ለልጅ ልጆቻችሁ ስትነግሩ ደግሞ ታለቅሳላችሁ።»

መዶሻውን አነሳ። ተንበረከከ። የኋለኛውን ቀኝ መንኮራኩር ችንካር ሦስት ጊዜ መትቶ አወጣው፤ ለተመልካቹ ከፍ አድርጎ አሳየ። ከዚያ መንኮራኩሩን በሁለት መዳፉ ወደ ውስጥ ገፋው።

መንኮራኩሩ አልተንቀሳቀሰም።

በትከሻው ገፋው። አልተንቀሳቀሰም። ስምንቱ በሬ ነጂዎች መጥተው ገፉት፤ የአንዱ ቀበቶ ተበጠሰ እንጂ መንኮራኩሩ የፀጉር ያህል እንኳ አልሄደም። ጋሪ ሠሪው ቀና ብሎ መዘውሩን አየ። መዘውሩም ወደ ታች የሚያየው መሰለው። ያ ሁሉ ክብደት ዘንጉን ከመንኮራኩሩ ጋር እንደ ወፍጮ ድንጋይ አጣብቆታል።

ሚስቱ አጠገቡ ተቀመጠች፤ ድምፅዋንም ዝቅ አደረገች። «ባዶውን ነው የሞከርከው።»

«ባዶውን ነው» አለ።

በሃያ ዓመት ትዳራቸው በሁለት ቃል መልስ ሲሰጣት የመጀመሪያ ጊዜው ነበር። ነገሩ የከፋ መሆኑን ያወቀችው ከዚህ ነው።

ጫንቃው ቀስ ብሎ ተነሳ፤ መጣ፤ ጋሪውን አንዴ ዞረው። «አማቼ፣ ሠላሳ ዓመት ጋሪ ሠርተህ ሠርተህ፣ ጋሪ ጭነት እንደሚጫንበት ማንም አልነገረህም?»

አሁን ግን ሳቁ አነስ ያለ ነበር። የጋሪ ሠሪው ፊት ያስቃል የሚባል አልነበረም።

«በስንት ቢነሳ ይበቃል?» አለ ሻምበሉ ከበቅሎው ወርዶ።

«አንድ ጣት፣ ጌታዬ። ዘንጉ ከመንኮራኩሩ ላይ አንድ ጣት ከፍ ካለ፣ መንኮራኩሩን ሕፃን ልጅ ይገፋዋል።»

«በወደቡ የእንፋሎት ማንሻ አለ። እዚያ ቢሆን በአንድ እጅ ነበር። እዚህ ግን…» ሻምበሉ ተሸካሚዎቹን አየና ሰዓቱን ከፈተ።

«እዚህ ግን ምን?» አለ ጫንቃው። «ይጨርሱት እንጂ ሻምበል። እዚህ ግን ጥጥ ከመሸከም በቀር የሚያውቅ የለም ሊሉ ነው?»

«እኔ አላልኩም።»

«ሰዓቱን ሲከፍቱ አሉት።» ወደ ጋሪ ሠሪው ዞረ። «ልናነሳው እንችላለን። እሱን ተወው። ይህ ብረት እኔን ቢያይ ራሱ ይነሳል። ግን ልጠይቅህ አማቼ፣ ዛሬ ይህ ጋሪ ካለፈ ነገ ሁለተኛው ያልፋል፤ ከነገ ወዲያ መቶኛው። ያኔ ይህ ግቢ ለምን ይፈለጋል? የስልሳ ሰው ቤት በገዛ ጫንቃችን አንስተን ገደል እንድንወረውር ነው የምትጠይቀን?»

ጋሪ ሠሪው በሌላ ቀን ለአንድ ጥያቄ አርባ መልስ ነበረው። ዛሬ ግን ጎንበስ ብሎ የነቀለውን ችንካር ከመሬት አነሳ፤ ጥያቄው እውነት ነበረና። 

የተናገረችው ሚስቱ ነች። ወደ ወንድሟ ሄዳ የሸሚዙን ትከሻ በሁለት ጣቷ ያዘች፤ የተጣፈውን ቦታ እያየች። «ጋሼ፣ ይህን ስንት ጊዜ ጠግኜልሃለሁ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ።»

«ይህን ጨርቅ አንተ ስንት ጊዜ እንደተሸከምከውስ ታውቃለህ? ጥጥ ሆኖ ወደ ታች ሲወርድ በጫንቃህ አለፈ። ጨርቅ ሆኖ ወደ ላይ ሲመለስ በጫንቃህ አለፈ። አሁን ደግሞ ለብሰኸው ሌላ ጥጥ ስትሸከም እየተቀደደ ነው። አንድን ጨርቅ ሦስት ጊዜ ተሸክመህ አንድ ሙሉ ሸሚዝ አልሆነልህም።»

ከኋላ ያለ አንድ ተሸካሚ የራሱን ትከሻ አየ። «እውነቷን ነው፣ አለቃ» አለ።

«አንተ ዝም በል።» ግን ጫንቃው የእህቱን እጅ ከትከሻው አላነሳም። ወደ በሩ አየ፤ ማዶ ወደሚጀምረው ጠባብ ቦይ፤ ከዚያ ወደ ጋሪው ዘንግ።  የሻምበሉ ሰዓት ብቻ ትንኳኳለች።

«እሺ። አነሳዋለሁ» አለ በመጨረሻ። «ግን ስሙኝ። ይህ የችንካርህ ነገር መላ ነው፤ መፍትሔ አይደለም። እያንዳንዱ ጋሪ እዚህ እየቆመ ሲጠብና ሲሰፋ ሊኖር ነው? ማራገፉ ቀርቶ ማንሳቱ ሊሆን? መንገዱ አንድ ልክ ይሁን። የላይኛው ቦይ በታችኛው ልክ እንደገና ይፈልፈል፤ የሚፈለፍሉትም እነዚህ ስልሳ ሰዎች ይሁኑ። አለት ከጥጥ ምን ይከፋል? ቢያንስ የፈለፈልከው አለት በማግስቱ ተመልሶ ተሸከመኝ አይልህም። ይህን ሻምበል ይፈርሙልኝ። አሁን።»

«የሁለት ቀን መንገድ አለት!» አለ ሻምበሉ። «ስንት ዓመት ሊፈጅ ነው?»

«አምስት።»

«ሦስት!» አለ ጋሪ ሠሪው። አመል ነው፤ አምልጦት ነው።

ጫንቃው ጣቱን ቀሰረበት። «አንተ ዝም በል፤ ያንተን ገና አልጠየቅኩም። ከላይ አገር ያሉት ጋሪዎች ሁሉ ያንተ እጅ ሥራ ናቸው። ሁሉም አጭር ክንድ ናቸው። መንገዱ ሲሰፋ አንዳቸውም አይሄዱም።»

ጋሪ ሠሪው በበሩ አሻግሮ አየ። ጠባቡ ቦይ በፀሐይ ያብለጨልጫል። ያንን አለት እንደ መስታወት ያለሰለሱት የሱ መንኮራኩሮች ናቸው። እያንዳንዳቸውን በመልካቸው ያውቃቸዋል፤ የትኛው እንጨት ከየትኛው ጫካ እንደመጣ፣ የትኛውን በሠራ ቀን ዝናብ እንደነበር። ሰው ስለ አጭር ክንድ ሲቀልድበት ሠላሳ ዓመት «ልኩ የኛ ነው!» እያለ የተሟገተላቸው ናቸው።

ፊቱን ከበሩ መለሰ። 

«ሦስት መቶውንም ዘንጋቸውን እኔ ራሴ እቀይራለሁ።»

«ሦስት መቶ ሠላሳ ናቸው» አለች ሚስቱ።

«ሦስት መቶ ሠላሳውንም» አለ። ሕይወቱን ሙሉ ቁጥር ሲያበዛ የኖረ ሰው፣ ያቺን ቀን ብቻ አሳንሶ ተያዘ።

ሻምበሉ ዙሪያውን አየ። ስልሳ ተሸካሚ፣ ስምንት በሬ ነጂ፣ አንዲት ሴት፣ ሃያ አራት በሬ፤ ሁሉም እሱን ያያሉ። ከደረቱ ትእዛዙን አወጣ፤ ሰሙን ሰበረ፤ ወረቀቱን ገለበጠ። ወደ ወደብ ተመለሱ በሚለው ትእዛዝ ጀርባ ላይ መጻፍ ጀመረ። 

«ልኩ ስንት ተብሎ ይጻፍ?»

«ሦስት ክንድ» አለ ጫንቃው።

«የማን ክንድ?»

 ከስልሳ ዓመት በፊት ይህን ጥያቄ አንድ ሰው ጠይቆት ቢሆን ኖሮ!

«የአያቴ፤ ማለትም የኔ» አለ ጫንቃው። «የሱን ክንድ የወረስኩ እኔ ነኝ፤ ይህን የማያውቅ የለም።» እጅጌውን እስከ ብብቱ ሰበሰበ፤ ከታችኛው ቦይ አጠገብ ተንበረከከ፤ ክንዱን ከአንዱ ቦይ ጠርዝ አጋደመ። አንድ። ሁለት። ሦስት።

የጣቱ ጫፍ ከማዶው ቦይ ሦስት ጣት ሲቀረው ቆመ።

እንደገና ለካ። ጣቶቹን እስኪነጡ ዘረጋጋቸው። ሦስት ጣት። ስልሳ ተሸካሚዎች በአንድ ጊዜ ሰማዩን ማየት ጀመሩ፤ በሰማዩ ላይ አንድም የሚታይ ነገር አልነበረም።

የሠላሳ ዓመት የ«አጭር ክንድ» ቀልድ በሙሉ በጋሪ ሠሪው ምላስ ጫፍ ላይ መጥቶ ቆመ። እንዲያ ያለ ቀልድ በሰው ዕድሜ አንዴ ነው የሚገኘው። ግን የአማቹን ጆሮ አየ። እንደ ፍም ቀልቷል። ግዙፉ ሰው መሬት ላይ ተንበርክኮ፣ አያቱን ከሁለተኛ ሞት እንደሚያድን ሰው፣ ያችን ክንድ መልሶ መላልሶ ይዘረጋል።

ጋሪ ሠሪው ቀልዱን ዋጠው። ከሦስት መቶ ሠላሳው ጋሪ ይልቅ ለመዋጥ ያስቸገረው እሱ ነበር።

ከጋሪው ሥር ረጅሙን የብረት ዱላ ጎተተ፤ መንኮራኩር ሲያንሸራትት የሚገፋበትን። ከቦይ እስከ ቦይ አጋደመው። «ተነስ ወንድሜ» አለ። «በማንም ክንድ አንለካም። ክንድ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል። አያትህ ልካቸውን ያስቀመጡት እዚህ አለት ላይ ነው፤ እንቅዳው።» መሮውን አስተካክሎ በአንዱ ቦይ ጠርዝ ላይ አንድ ጊዜ፣ በሌላው ላይ አንድ ጊዜ ብረቱን መታው። ሁለት ምልክት ቀረ።

«በዚህ ብረት ላይ በተመታው ልክ ይሁን» ብሎ ሻምበሉ ጻፈ፤ ፈረመ። ሰዓቱን አየ። «ሃያ አምስት ደቂቃ ቀረ።»

ጫንቃው ከተንበረከከበት ሲነሳ ሌላ ሰው ነበር። «ግንድ!» ሲል አንድ ጊዜ ጮኸ፤ ስድስት ረጃጅም ግንዶች ከኋለኛው ዘንግ ሥር ገቡ። ስልሳ ትከሻ ሥራቸው ገባ። እሱ ራሱ ከመሃል፣ ክብደቱ ከሚበረታበት ቦታ ቆመ። «ሻምበል!» አለ ከግንዱ ሥር ሆኖ። «የእንፋሎት ማንሻዎ ስንት ሰው ያህላል?»

«አርባ ይሉታል።»

«ሆ… በሉ!»

የስልሳ ሰው ጀርባ አንድ ጀርባ ሆነ። የአንገት ሥሮች እንደ ገመድ ተወጠሩ። ግንዶቹ ጎበጡ፤ መሬቱ ራሱ ወደ ታች የሰመጠ መሰለ፤ ዘንጉም ጣር እንደያዘው ሰው አቃሰተና አንድ ጣት ተነሳ። አንድ ጣት ብቻ! ግን ያቺ አንድ ጣት ያን አገር ካነሱት ነገሮች ሁሉ ትልቋ ናት። ሚስት ሞራውን በመዳፏ ዘንጉ ላይ ለቀለቀችው፤ ባል ገፋ፤ መንኮራኩሩ ጠቅ ብሎ ገባ። ችንካር። መዶሻ። ሁለተኛው። ከዚያ ግንዶቹ ወደ ፊተኛው ዘንግ ሄዱ። ሦስተኛው ገባ። አራተኛው ግን ከመንገዱ ግማሽ ላይ ቆመ።

«ቶሎ በል አማቼ!» አለ ጫንቃው በጥርሱ መካከል። «ቀልድ ካለህ በኋላ ንገረኝ!»

ሚስት የቆርቆሮውን ሞራ በሙሉ፣ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ፣ ዘንጉ ላይ ገለበጠችው። ጋሪ ሠሪው ጀርባውን ሰጥቶ፣ እግሩን ከአለቱ አስደግፎ ገፋ። መንኮራኩሩ ገባ። ችንካሩ በመጀመሪያው ምት ተቀበረ።

«ልቀቁት!»

ከዚያ ሃያ አራቱም በሬዎች በአንድ ልብ ሳቡ። መንኮራኩሮቹ በበሩ ሥር አልፈው የላይኛውን ቦይ ሲይዙ ጓ! የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ሃምሳ ዓመት ተከፍቶ የኖረ በር የተዘጋ ያህል። መድፉ ሲተኮስ የኋለኞቹ መንኮራኩሮች ከበሩ አሥር እርምጃ አልፈው ነበር። አሥር የሚሉት ምቀኞች ናቸው፤ ሃያ ነበር። የመድፉን ድምፅ ግን ከሻምበሉ በቀር የሰማ የለም፤ በዚያ እልልታና ጩኸት መሃል መድፍ ምን ያህል ይሰማል? ሻምበሉም ሰዓቱን ዘግቶ ኪሱ ከተተው፤ እስከ ፏፏቴው ድረስ ደግሞ አልከፈተውም።

ተሸካሚዎቹ ላባቸውን ሳይጠርጉ ጋሪውን ተከትለው በበሩ ጎረፉ። ጫንቃው ብቻ ከበሩ ሥር ቆሞ ቀረ። እጁን ወደ ትከሻው ልኮ ዳበሰው።

እህቱ ተመልሳ መጣች። «ምን ሆንክ፣ ጋሼ? አመመህ?»

«ኧረ ምንም።» ወደ እግሩ አየ። «ይህን በር ባዶዬን አልፌ አላውቅም። እንዴት እንደሚኬድ ጠፍቶኝ ነው።»

እሷም ባሏን ጠራችው። ጋሪ ሠሪው ሁለት ምልክት የተመታበትን የብረት ዱላ ይዞ መጣ፤ አማቹ ትከሻ ላይ አጋደመለት።

«ይህማ ምን ሸክም ነው!» አለ ጫንቃው በአንድ እጁ እያወዛወዘው። «ይህን አይጥም ትሸከመዋለች።»

«እስከ ዛሬ ከተሸከምከው ሁሉ እሱ ይከብዳል።»

«ጀመርክ ደግሞ!»

ሦስቱም እየሳቁ በበሩ አለፉ። ጫንቃው ግን ጥቂት እርምጃ ከሄደ በኋላ፣ ማንም እንዳያየው ፊቱን ወደ ገደሉ ዞር አደረገና፣ ብረቱን በሁለት እጁ ጠበቅ አድርጎ ያዘው።